የእናቱ ጥልፍ

ዘመድ ልጠይቅ ከአምባ ጊዮርጊስ ወደ ጎንደር ስወርድ፣ ሚኒባሱ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጡት ሁለት መንገደኞች ገና መተዋወቃቸው ነበር። አንደኛው የቤተ ክርስቲያን ሥዕል የሚስሉ ሽማግሌ ናቸው፤ ሌላው በኮምፒውተር አርማ የሚሠራ ወጣት።

«ውድድሩ በኢንተርኔት ነው፣ አያ። አንድ ድርጅት አርማ ይፈልጋል፣ መቶ ሰው ሠርቶ ይልክለታል፣ የአንዱ ይመረጣል።»

«የቀሩትስ?»

«ድካማቸው ይቀራል።»

«ምነው! እኛን ደብሩ መርጦ ነው የሚያስጀምረን። መቶ ሰዓሊ አስሎ አንዱን ይምረጥ ቢባል ግድግዳው ከየት ይመጣል?»

ወጣቱ ሳቀ። «እንዲያም ሆኖ እጄን ያፍታታሁት በእሱ ነው። ያለዚያ እዚህ አገር ቤት ተቀምጬ ማን ያውቀኝ ነበር?»

«አሸንፈህ ታውቃለህ?»

«አንዴ። እናቴ ከልቧ አውጥታ የምትጠልፈው አበባ ነበረ፤ እሱን አርማ አድርጌ ላክሁት።»

«ሸጋ ነዋ! እናትህ ምን አሉ?»

«አርፋለች፣ አያ። አሁን እህቴ ልታገባ ነው። የሰርግ መጥሪያዬ ላይ የእማዬን አበባ አድርግልኝ ብላለች።»

«ታዲያ አድርግላታ!»

«አልችልም። ያሸነፈው ሥራ የድርጅቱ ነው፤ ሌላ ቦታ ላላውለው ፈርሜአለሁ።»

«የእናትህ እኮ ነው፣ ልጄ!»

«ስፈርም ማሸነፌን እንጂ እሷን አላሰብኳትም።»

«እህትህ ታውቃለች?»

«ዛሬ ልነግራት ነው የምሄደው።»

እኔም ነጠላዬን ቀስ ብዬ ወደ ታች ሳብሁና ወጣቱ እንዳያየው የቀሚሴን ጥልፍ ሸፈንሁት።