አንድ ጊዜ የታረሰው ቀይ ማሳ

በግንቦት መጨረሻ የአፈር ናሙና ልወስድ ከደብረ ታቦር ወደ ጉና ግርጌ ስወጣ ዝናብ ያዘኝና አንድ ባሕር ዛፍ ሥር ተጠለልኩ። ከእኔ በፊት ሁለት ሰዎች ተጠልለው ይከራከሩ ነበር፤ አቶ በላይነህ የሚባሉ ሽማግሌ ገበሬና የወንድማቸው ልጅ ሙሉሐብት። እሷ ግብርና ተምራ በዚያው ቀበሌ በባለሙያነት ትሠራለች።

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ከሽማግሌው ጥማድ አንዱ በሬ ሞቷል። የቀረውን በሬ ከሌላ ሰው በሬ ጋር አቀናጅተው ሁለቱንም ማሳቸውን፣ የሜዳውን ጥቁርና የተዳፋቱን ቀይ፣ አምስት አምስት ጊዜ ማረስ ስለማይችሉ፣ ተዳፋቱን ቀይ መሬት ለጎረቤታቸው ለጌጡ የእኩል ሊሰጡት ነው፤ እሱ ያርሳል፣ ምርቱን ግማሽ ግማሽ ይካፈላሉ።

«አጎቴ፣ አይስጡት። ቀዩን አንድ ጊዜ ብቻ አርሰው ይዝሩት።»

«አንድ ጊዜ? ያገሩ ሰው ‹በላይነህ አርጅቶ መሬት ቧጥጦ ዘራ› ይበለኝ?»

«ይበል። የሚያማዎት ሰው ከምርትዎ አይወስድም፤ ጌጡ ግን ግማሹን ይወስዳል።»

«አንቺ ሞፈር ጨብጠሽ አታውቂ! አፈር እንደ ዱቄት ካልላመ ምኑን እርሻ ሆነ?»

«ዱቄትን ጎርፍ ይምረዋል? እስቲ የሚወርደውን ውሃ ይዩት።»

በመንገዱ የሚወርደው ውሃ ደም መስሎ ነበር። ሽማግሌው ጥቂት አዩትና ወደ ሜዳው ጥቁር መሬታቸው ጠቆሙ።

«ዋልካውንም ተወው ልትይኝ ነው?»

«እሱንስ ደጋግመው ይረሱት! ዋልካ ውሃ ያቁራል፤ በደንብ ታርሶ ውሃው የሚወርድበት ከፍ ያለ መደብ ካልወጣለት ስንዴው ይወይባል። ቀዩ ግን ውሃ ያሰርጋል። የአምናው አገዳ ከላዩ ከቀረ ደግሞ እርጥበቱን ይይዝለታል።»

«አረሙስ?»

«ይበዛል፤ አልዋሽዎትም። መጥቼ አብሬ አርማለሁ።»

«በዚህ የከተማ ጫማሽ?» ብለው ከት ብለው ሳቁ።

እኔም ጣልቃ ገባሁ፤ «አባቴ፣ ቀዩን ማሳ ከላይ እስከ ታች ለሁለት ይክፈሉት። ጠባቡን ወገን እንደ ልማድዎ፣ ሰፊውን እንደ እሷ ይረሱት። ዘሩ፣ ማዳበሪያውና የሚዘራበት ቀን ግን አንድ ይሁን፤ አለዚያ ማነጻጸር አይባልም።»

«ይሁን። ካልሆነ ግን በመጪው ዓመት መሬቱ የጌጡ ነው» አሉ።

በነሐሴ ስመለስ፣ ደጋግመው ባረሱት ወገን የውሃ ማስወጫው ፈሰስ ተቦርቡሮ ቡቃያውን ጠርጎታል። በሌላው ወገን አረሙ በዝቷል፤ ቡቃያው ግን እንደ ቆመ ነው። ሙሉሐብት ጭቃ ለብሳ ታርማለች፤ አጎቷም ከጎኗ ጎንበስ ብለዋል።

በታኅሣሥ የየማሳውን ለየብቻ ወቅተን፣ የመሬቱን ስፋት አስበን ሰፈርነው። ከቀዩ፣ አንድ ጊዜ የታረሰው በለጠ፤ ዋልካው ደግሞ ተደጋግሞ በመታረሱ ከሁሉም የተሻለ ሰጠ። እህሉ ገና ሳይጫን ጌጡ ብቅ አለ።

«አያ በላይነህ፣ ለከርሞ ቀዩን ይሰጡኛል?»

«አልሰጥም!» አሉ ሽማግሌው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «አንድ ጊዜ ካረስኩት አፈሬ አልሄደ፣ በሬዬ አልከሳ፣ ምርቱ ሙሉ በሙሉ ከቤቴ ሊገባ ነው። ለዋልካው ጉልበቴን አወጣለሁ፤ ለቀዩ አፈር አንድ እርሻ ይበቃዋል። አንተስ ተዳፋትህን እስከ መቼ በጎርፍ ታስበላዋለህ?»

ጌጡ ከስንዴው አንድ እፍኝ ዘግኖ ፍሬውን አገላብጦ አየ።

«እንግዲያው ሙሉሐብትን ለእኔም ይላኩልኝ።»

«እኔ አልልክም! ራስህ ሂድና ‹እሜቴ› ብለህ ለምናት።»