ማኅተም ያላረፈበት ትርጉም

(ደሴ፣ ከፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ያለ የትርጉም ቢሮ። ወይዘሮ ደብሪቱ በጨቅላነቷ ለጉዲፈቻ የሰጠቻት ልጇ ከሰባት ወር በፊት በፈረንሳይኛ የጻፈችላትን ደብዳቤ ከነትርጉሙ ይዛ መጥታለች፤ ተርጓሚዋ አምሳለ ናት።)

ደብሪቱ፦ ማኅተምሽ እዚያው እጅሽ ሥር ነው፤ ማሳረፍ ብቻ። ከባድ ነገር ጠየቅሁሽ?

አምሳለ፦ ወይዘሮ ደብሪቱ፣ ይህን ትርጉም የጻፍኩት ለእርስዎ ላነብልዎ ነው። ለኤምባሲ አይሆንም።

ደብሪቱ፦ ለእናት የሆነ ለኤምባሲ ምን ያንሰዋል? «እማዬ፣ ነይልኝ» ብላ ጠርታኛለች። ለቪዛው የሚፈልጉት ይህንኑ ነው።

አምሳለ፦ ማኅተሙ «ከዋናው አልተለየም» ብሎ የሚምል ነው።

ደብሪቱ፦ ይማላ!

አምሳለ፦ በሐሰት ይምላል።

ደብሪቱ፦ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ምን አድርገሽ ነው?

አምሳለ፦ «ነይልኝ» ያልኩት እኔ ነኝ።

ደብሪቱ፦ «እማዬ»ስ?

አምሳለ፦ እርሱም። የእርሷ ቃል «ምን ብዬ እንደምጠራዎት አላውቅም» የሚል ነው።

ደብሪቱ፦ ሰባት ወር ሙሉ ትራሴ ሥር ያሳደርኩት ያንቺን ቃል ነዋ!

አምሳለ፦ ያን ዕለት የእናቴ ዐርባ በወጣ ማግስት ነበር። እርስዎ እዚህች ወንበር ላይ አንገትዎን ደፍተው ሲጠብቁ፣ የተጻፈውን ማንበብ አቃተኝ። «እማዬ» የምለው ሰው ያጣሁት እኔ ነበርኩ።

ደብሪቱ፦ ነፍስ ይማር። ቤትሽ ማን አለ?

አምሳለ፦ ማንም።

ደብሪቱ፦ አይ፣ ልጄ። ግን ኀዘንሽን በእኔ ደብዳቤ ላይ ታፈሺዋለሽ? የጨመርሽውን ሰማሁ። የቀነስሽውስ?

አምሳለ፦ አንዲት ጥያቄ።

ደብሪቱ፦ ጥያቄ ነበራት? እኔ በመልሴ ስለ ክረምቱና ስለ ጎረቤት ሳወራ፣ እርሷ መልስ ትጠብቅ ነበር?

አምሳለ፦ የእርስዎን ቃል አልነካሁትም፤ እንዳለ ነው የላክሁት።

ደብሪቱ፦ ለዚህ ነዋ ዝም ያለችኝ! የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አሉ። በይ፣ አንብቢው።

አምሳለ፦ ይከብዳል።

ደብሪቱ፦ ሸክሙ የእኔ ነው፤ አንቺ አሸክሚኝ ብቻ።

አምሳለ፦ «የሰጡኝ ዕለት አልቅሼ ነበር?»

ደብሪቱ፦ «አልቅሼ ነበር?» አለች?

አምሳለ፦ ወይዘሮ ደብሪቱ? ውሃ ላምጣልዎ?

ደብሪቱ፦ ወረቀት አምጪ። የቪዛውን ነገር ተዪው። ያልኩሽን ብቻ ጻፊ።

አምሳለ፦ እሺ። «ውድ ልጄ» ብዬ ልጀምር?

ደብሪቱ፦ እኔ ብዬሻለሁ? ጻፊ፦ «አላለቀስሽም፤ ተኝተሽ ነበር። ነጠላዬን ነክሼ ያለቀስኩት እኔ ነኝ፤ እንዳትነቂ ብዬ።»