የሊፍቱ ጉርሻ

ፍሬአለም፣ ግቢ እንጂ፣ ምነው በር ላይ ቆምሽ? የሻርጃ ወበቅ መቼም ሰው ያቀልጣል። ኤሲያችንም ጩኸቱ እንጂ ብርዱ የለም። ደግሞ ከወዲያኛው ክፍል የሚለየን ያው ኮምፔርሳቶ ነው፤ ያወራነው ሁሉ ይሰማል... ይሰማ፣ ሰው ልናመሰግን አይደል?

ሊፍት አገኘሽ? ገና ምሳ ሰዓት አልደረሰማ። ይኸውልሽ፣ አንዲት ደግ እናት አለች፣ ስሟ ምን ያደርጋል... የሦስት ዓመት ልጇ ምግብ ሲያይ አፉን ግጥም አድርጎ ይዘጋል። አንድ ቀን የሊፍቱ በር ሲከፈት ገርሞት አፉን ቢከፍት፣ ሩዙን ሸጎጥ። ኸላስ፣ መድኃኒቱ ተገኘ። ዘበኛው ሁሴን የሊፍቱን ቁልፍ ይጫናል፣ በሩ ይከፈታል፣ አፉ ይከፈታል፣ ማንኪያው ይገባል። ጎረቤታችን ህንዱ ሽማግሌም ሥራው ቀርቶ ለልጁ ማወራረጃ ውሃ ይዞ ይቆማል። አሁንማ ልጁ ነቅቶ በሩ ሲከፈት አፉን በሁለት እጁ ይይዛል። እሷ ትሸነፋለች? ሁሴን እጁን ይይዝላታል፣ እሷ አፍንጫውን። "ጉርሻና ፍቅር ሲያስጨንቅ ነው" ይባል የለ? ይኸው ልጁ ተጨነቀላታ።

ሐኪሙ፣ "ልጁ ማንኪያ ፈርቷል። አታስገድጂው፤ ከሚበላ ሰው ጋር አስቀምጪው፣ ምግቡን በእጁ ይነካካው፣ ካልበላም ሳትቆጪ አንሺው" አላት አሉ። እሱ ምን ያውቃል? የተማረው ሕክምና እንጂ ሊፍት አይደል። ሌላው "ጎመን በጤና" ይላል፤ እሷ ጎመኑ ይግባ እንጂ ጤናውን በኋላ ታስብበታለች።

ባለፈው ገበያ ስትሄድ እኔ ዘንድ ተወችው። ከልጆቼ ጋር ትሪ ከበን ስንበላ ማንም ብላ አላለውም፣ ማንም አላየውም። እጁን ሰደደ። በላ፣ ፍሬአለም። ሽሮው ጉንጩ ላይ ተለቅልቆ ሲስቅ እንባዬ መጣ። ይኼኔ እሷ ገባች... ደስታው በዝቶባት መሰለኝ፣ ከዚያ ወዲህ ደጄን እንዳይረግጥ ከለከለችው። ምቀኛ እንዳትያት። በሰው ቤት ከሚጠግብ በእናቱ እጅ ቢራብ አይሻለውም? የአምና ጫማው ዘንድሮም ይሰፋዋል፤ ቁጠባ ነው እኮ፣ ዋላሂ።

እኔ እንኳ ለልጁ ቦታውን እንዳስቀመጥኩ ነው፤ ትሪዬም ሰፊ ነው። ለእሷ ግን ምርቃት ብቻ ነው ያለኝ። አሜን በይ፣ ጮክ ብለሽ፣ ከኮምፔርሳቶው ወዲያ እንዲሰማ... እግዜር ዕድሜ ከጤና ይስጣት፤ አርጅታ እጇ አልታዘዝ ሲላት፣ ይኼው ልጇ ጎልምሶ፣ ውለታዋን ሳይረሳ፣ ልክ እሷ ባጎረሰችው አጎራረስ ያጉርሳት።