ሌንጂሳን ዳገቱን ያስወጣሁበት ቀን

በእኛ ጊዜ፣ ቦንቱ ልጄ፣ ወንጪ ሐይቅ የወረደ ሰው ፊቱን ታጥቦ፣ ፈረሱን አጠጥቶ፣ የደሴቱን ገዳም ተሳልሞ ይመለሳል እንጂ ከውኃው ሥር ምን አለ ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። ሥሩማ የማን ነው? የማንም አይደለም። ይኼ ነገር በኋላ የመጣ ነው። እና አሁን አንቺና ባልሽ ጀልባ ገዝተናል፣ ሐይቁ ላይ ጠላቂ እናወጣለን ስትሉኝ ደስ አላለኝም። ፊቴን አይተሻል። እንኳን ደስ ያላችሁ አላልኩም፣ አይደል? ታዲያ ለምን እንዳላልኩ ልንገርሽ፣ ጻፊው፣ ግን እንደማወራው ጻፊው፣ አታሳምሪው።

እኔ የጎጆ ከተማ ልጅ ነኝ፣ የገብስና የድንች አገር ልጅ፣ ብርድ ያሳደገኝ። ወታደር ሆኜ ምጽዋ ወረድኩ። ጠላቂ አልነበርኩም፣ እንዳትሳሳቺ፣ የጠላቂዎቹ ጀልባ ላይ ነበርኩ፣ ገመድ እይዛለሁ፣ ስንት ሰዓት ገቡ፣ ስንት ሰዓት ወጡ እያልኩ እመዘግባለሁ፣ ከሥር የሚወጣውን የትንፋሻቸውን አረፋ አያለሁ። ሥራዬ አረፋ ማየት ነበር። አንድ አለቃ ነበረን፣ ድምፁ እንዲህ ወፍራም፣ «ተሾመ! ዓይንህን ከውኃው ላይ ካነሳህ ዓይንህን አወጣዋለሁ!» ይለኛል። እና አላነሳም ነበር። በኋላ ያ ሁሉ ሠራዊት ተበተነ፣ አገሬ ገባሁ፣ አምቦ ላይ የውኃ ፓምፕ ስጠግን አረጀሁ። ሲደክመኝ ሱቁን ዘጋሁና ከዝዋይ ሞተር ያላት አንዲት የፋይበር ጀልባ በአይሱዙ አስጭኜ መጣሁ። ለሥራ አይደለም፣ ለራሴ ነው፣ ለመዝናኛ። ያኔ አሁን ያለው መንገድ የለም፣ መኪና አፋፉ ላይ ይቆማል፣ ከዚያ ወደ ሐይቁ በፈረስ ወይ በእግር ነው። ጀልባዋን ሰው ተሸክሞ ነው ያወረዳት። ሚስቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «አንተ ሰውዬ፣ ጨርሰህ አበድክ?» አለችኝ፣ ከዚያ እሁድ እሁድ እሷው ቀድማኝ ትቀመጥባት ጀመር።

ታዲያ እሷ ካረፈች በኋላ ነው፣ ሁለት ወጣቶች ቤቴ መጡ። አንዱ ሌንጂሳ ይባላል፣ ከአምቦ አልፎ ያለችው የእጃጂ ልጅ ነው፣ አባቱ ገበሬ ናቸው። ሌላው ከድር ነው፣ አባቱ ከስልጤ መጥተው እዚሁ አምቦ ጨርቅ የሚሸጡ። ሁለቱም ጅቡቲ ወደብ ላይ የመርከብ ሆድ ሲፍቁ ነበር፣ ጠልቀው። እዚያ ለምደውት ሲመለሱ ሲሊንደራቸውንም፣ የጎማ ልብሳቸውንም ይዘው ነው የመጡት።

«ኦቦ ተሾመ፣ ጀልባ አለዎት አሉን» አለኝ ሌንጂሳ።

«አለኝ።»

«ወንጪ ልንገባ ነው።»

«ግቡ፣ ማን ከለከላችሁ?»

«አይ፣ ውስጡን ነው።»

«ምን ጠፍቶባችሁ?»

«ምንም አልጠፋብንም። ስንት ዓመት ለሰው መርከብ ገባን እኮ፣ አንድ ቀን ለራሳችን ብንገባስ?» አለኝ። ይኼን ሲለኝ ወደድኩት። ግን ዝም ብዬ እሺ አላልኩም፣ ፈተንኳቸው፣ «ስትወጡ እናንተ ናችሁ አረፋችሁን የምትቀድሙት ወይስ አረፋው ነው የሚቀድማችሁ?» አልኳቸው። ከድር ሳቀና «አረፋው ይቀድማል፣ ጋሼ፣ እኛ ቀስ ብለን ከኋላው» አለ። እሺ፣ ያውቃሉ አልኩ በልቤ።

ከዚያ አስቀመጥኳቸውና አንድ ነገር ነገርኳቸው፣ ለአንቺም እነግርሻለሁ፣ ይኼን አስምሪበት። የእኛን የአምቦን ውኃ ታውቂያለሽ፣ ጠርሙሱ ተዘግቶ ሳለ ጋዙ ይታያል? አይታይም። ክዳኑን ስትከፍቺውስ? ቡልቅ! የጠላቂ ደምም እንደዚያ ነው። ታች ሲሆን ውኃው ይጫነዋል፣ አየሩ ደሙ ውስጥ ተደብቆ ይቀመጣል። ቀስ ብሎ ከወጣ ቀስ ብሎ ይለቀዋል። ከቸኮለ ደሙ ውስጥ ይፈላል፣ መገጣጠሚያው ውስጥ፣ ጀርባው ውስጥ ይፈላል። ምጽዋ እያለሁ አይቻለሁ፣ ሰው እንደ ጨርቅ ሲታጠፍ አይቻለሁ። ወንጪ ደግሞ እንደ ባህር አይደለም፣ ውኃው ራሱ ተራራ ላይ ነው፣ ከውኃው እስከ አፋፉ ደግሞ ሌላ ዳገት አለ። ከፍ ባልሽ ቁጥር ጠርሙሱን እየከፈትሽው ነው። እና «ጠልቆ የዋለ ሰው በዚያው ቀን ዳገቱን አይወጣም» አልኳቸው። «ታች ታድራላችሁ፣ በማግሥቱ ከሰዓት ነው የምትወጡት።» ከድር «ወላሂ እናድራለን» አለ። ሌንጂሳም «እሺ ኦቦ ተሾመ፣ ድንኳን ይዘን እንመጣለን» አለ። ይዘውም መጡ።

እና ሄድን። ሐይቁን ተሻግረን ማዶ፣ ገደሉ ሥር፣ ድንኳን የምትችል ትንሽ ሣር ያለባት ቦታ አለች፣ እዚያ ሰፈርን። ከኋላዋ ገደል ነው፣ ከፊቷ ውኃ ነው። ከጀልባ በቀር መውጫ የላትም። ይኼንንም ያዢልኝ።

ገመድ ላይ ድንጋይ አሰርኩ፣ አናቱ ላይ ቢጫ ጀሪካን አንሳፈፍኩ፣ ሲወጡ እያረፉ የሚቆሙበትን እርከን በገመዱ ላይ ቋጠሮ አደረግኩላቸው። ከሥር ሰው እንዳለ እንዲታወቅ ዘንግ ላይ ቀይ ጨርቅ ሰቀልኩ። ሞተሩን አጠፋሁ። ከሥርሽ ሰው እያለ ሞተር አይነሳም፣ ምንም ቢመጣ፣ ዝናብ ቢመጣ፣ ንፋስ ቢወስድሽ በመቅዘፊያ ነው እንጂ ሞተር አይነሳም። እንግዳ የሚያሻግሩት ሰዎች ሊያዩ ሲጠጉ «ወዲያ! ወዲያ በሉ! ከሥር ሰው አለ!» እያልኩ ጮህኩባቸው። አንዱ «ሰውዬው ምን ነካው፣ ሰው ከሥር ካለማ ሞቷል» ብሎ ሳቀ። እኔ ግን ዓይኔን አላነሳሁም። ሁለት አረፋ፣ ሁለት አረፋ፣ አንዱ ሲጠፋብኝ ልቤ ቀጥ ይላል፣ ከዚያ ቡልቅ ሲል እተነፍሳለሁ።

በመጀመሪያው ሲወጡ በብርድ ይንቀጠቀጡ ነበር። «ምን አያችሁ?» አልኩ። ሌንጂሳ ጥርሱ እየተንገጫገጨ፣ «ላይ ላዩ አረንጓዴ ነው፣ ከዚያ ጥቁር ነው። ቅጠል የሌለው ዛፍ ቆሟል። ኦቦ ተሾመ፣ እንደዚያ ዝም ያለ ቦታ አይቼ አላውቅም» አለኝ። ምሳ በልተው፣ ሞቅ ብሏቸው፣ ደግመው ገቡ፣ ጠለቅ አሉ፣ ቆዩም። ሲወጡ ግን በየቋጠሮው ቆሙ፣ እንዳልኳቸው፣ አረፋው ቀደማቸው። እጃቸው የጀልባዋን ጠርዝ ያዘ። ሁለት ገቡ፣ ሁለት ወጡ። አልደብቅሽም፣ ኮራሁ። ያ አለቃ ቢያየኝ ብዬ ተመኘሁ።

ድንኳኑ ጋ ልብስ እየቀየሩ ሳለ ስልክ ጮኸ። እዚያ ቦታ ላይ ስልክ አይሠራም እኮ! ሌላ ቀን ብትሞቺም አይሠራም። የዚያን ዕለት ሠራ። የሌንጂሳ እህት ነች፣ ጫልቱ፣ ድምጿ እኔ ድረስ ይሰማል። «ኮቱ! ና! አባባ ወድቋል፣ አንተን ነው የሚጠራው፣ ስምህን ብቻ ነው የሚጠራው፣ ድረስ!» ትላለች። ከዚያ ተቋረጠ።

ሌንጂሳ አንድ እግሩ ጫማ አድርጎ፣ አንዱ ባዶውን፣ መጥቶ ጀልባዋ ላይ ተቀመጠ።

«ያስነሱልኝ» አለ።

«ነገ ነው፣ ሌንጂሳ።»

«አባቴ ነው።»

«ሰምቻለሁ። ግን ደምህ ውስጥ ያለውን ታውቃለህ፣ ነግሬሃለሁ።»

ከድር መጥቶ ክንዱን ያዘው፣ «ጋሼ ልክ ናቸው፣ እኔ ብሆን…» ሲል ሌንጂሳ «አንተ አይደለህማ!» አለው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። አልጮኸብኝም። ቢጮህብኝ ኖሮ እኔም እጮህበት ነበር። «ማሎ፣ ኦቦ ተሾመ» አለኝ። እባክዎ ማለት ነው፣ ታውቂያለሽ፣ ግን እባክዎ ብቻ አይደለም። «ማሎ» አለኝ።

ቦንቱ፣ የእኔ አባት ጎጆ ላይ ሲሞት እኔ ምጽዋ ነበርኩ። ታመዋል ድረስ የሚል ቴሌግራም መጣልኝ፣ ይዤ ወደ አለቃው ሮጥኩ። አነበበው፣ አጠፈው፣ መለሰልኝ። «አሁን አይሆንም፣ ተሾመ» አለ። በቃ። ጎጆ ስደርስ መቃብሩ ላይ ሣር በቅሎ ነበር። ያን ሰውዬ ዕድሜዬን ሙሉ ረገምኩት። እና ሌንጂሳ «ማሎ» ሲለኝ፣ ያን ሰውዬ መሆን አቃተኝ። አቃተኝ።

የሞተሩን ገመድ ሳብኩ። ሌላ ቀን አምስትና ስድስት ጊዜ ካልጎተትኳት የማትነሳ፣ በመጀመሪያው ተነሳች።

ከድርን «አንተ እዚሁ ትቀራለህ፣ ነገ ከሰዓት እወስድሃለሁ» አልኩት፣ ቀረ። እኔና ሌንጂሳ ተሻገርን፣ ፈረስ ያዝን፣ ዳገቱን ወጣን። ግማሽ ላይ ትከሻውን ሲያሽ አየሁት።

«ምን ሆንክ?»

«ቅድም ሲሊንደሩ ከብዶኝ ነው።»

ሲሊንደሩ እንዳልሆነ እኔም አውቃለሁ፣ እሱም ያውቃል። «እንመለስ፣ ታች እንውረድ» አልኩት። አንገቱን አቀርቅሮ ፈረሱን መታው። አፋፉ ላይ የመጣንባት የከድር ፒካፕ ቆማለች፣ እኔ ያዝኩ መሪውን። ከዚያ በኋላ መንገዱ ወደ አምቦ ቁልቁል ነው፣ ቁልቁል ከሆነ ይሻለዋል፣ ይሻለዋል ለራሴ እያልኩ እነዳለሁ።  አንድ ሰዓት ያህል እንደሄድን፣

«ኦቦ ተሾመ» አለኝ፣ ቀስ ብሎ፣ «እግሬን ይመልከቱልኝ እስቲ።»

«ምን አለው እግርህ?»

«አለ ወይ?»

መኪናዋን አቆምኩ። እግሩ አለ። ጉልበቱን መታሁት፣ ቆነጠጥኩት፣ ፊቴን እያየ ይጠብቃል፣ መቼ እንደምነካው ይጠብቃል። ነክቼዋለሁ እኮ! እየቆነጠጥኩት ነው እኮ!

አምቦ ሆስፒታል አስገባሁት። የተቀበለን ሐኪም ልጅ እግር ነው፣ ደህና ሰው፣ ወዲያው ኦክስጅን አደረገለት፣ አስተኛው፣ እየሮጠ ስልክ ደወለ። ከዚያ ወደ ኮሪደሩ አወጣኝና «አባባ፣ ይኼን እኔ ያነበብኩት መጽሐፍ ላይ ነው። የሚታከመው የአየር ግፊት ባለው ክፍል ውስጥ ነው፣ እሱ ያለው ባህር ያላቸው ሰዎች ጋ ነው» አለኝ። አውቃለሁ አልኩት። በአውሮፕላን ይሂድ እንዳትዪ ደግሞ፣ ሰማይ ሌላ ዳገት ነው።

የሌንጂሳ ስልክ እኔ ኪስ ውስጥ ነበር፣ ጮኸ። ጫልቱ ነች። «የት ደረሳችሁ?» አላለችም። ማልቀስ ብቻ ነው። ገብቼ አልጋው አጠገብ ቆምኩ፣ አፌን ልከፍት ስል፣

«አረፈ፣ አይደል?» አለኝ።

«አዎ።»

«ጠርቶኝ ነበር።»

«አዎ፣ ጠርቶህ ነበር።»

ፊቱን ወደ ግድግዳው ለማዞር ሞከረ፣ ወገቡ እንቢ አለው። እኔ ነኝ ያዞርኩት።

በማግሥቱ ከሰዓት ከድርን ላመጣ ተመለስኩ። ድንኳኑን አጣጥፎ፣ ዳር ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኛል። ዳገቱን ወጣ፣ ምንም አልሆነም። ትከሻውን እንኳ አላሸም። ይኼ ነው የሚያንገበግበኝ፣ ቦንቱ፣ አንዲት ሌሊት ነበረች ልዩነቷ።

ሌንጂሳ አዲስ አበባ ሲታከም ከርሞ እጃጂ ገባ። በደጃቸው በኩል የሚያልፍ ሁሉ ያየዋል፣ ባለ ጎማ ወንበሩ ላይ ነው። ከእህቱ ጋር እህል ይነግዳሉ። እሄዳለሁ፣ በየበዓሉ እሄዳለሁ። አንድ ጊዜ ደፍሬ «ትወቅሰኛለህ ወይ?» አልኩት። «ኦቦ ተሾመ፣ ቢከለክሉኝም እሄድ ነበር» አለኝ። ሁሉም ሰው ይኼን ነው የሚለኝ፣ የንስሐ አባቴ ቄሱም፣ ከድርም፣ ሐኪሙም፣ «ቢከለክሉትም ይሄድ ነበር።» በምን ይሄዳል? በገደሉ ላይ በርሮ? ዋኝቶ? መውጫው እኮ የእኔ ጀልባ ብቻ ነበረች! እሱ ሊሄድ አይችልም ነበር። ይሰድበኝ ነበር፣ ዕድሜውን ሙሉ ይረግመኝ ነበር፣ እኔ ያን አለቃ እንደረገምኩት። ግን ቆሞ ይረግመኝ ነበር፣ በእግሩ ቆሞ። የዚያ ሰውዬ እንቢታ ክፋት ይሁን ሌላ ነገር እስከ ዛሬ አላውቅም፣ የእኔ ደግነት ግን ምን እንዳደረገ አውቃለሁ።

ስለ ገመዱ፣ ስለ አረፋው፣ ስለ ቀይ ጨርቁ በአንድ ቀን አስተምርሻለሁ። እሱ ቀላል ነው። አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ እንዳትዋሺኝ። አንቺ ብትሆኚ ኖሮ፣ አባቴ እየሞተ ነው፣ ማሎ ቢልሽ፣ ምን ታደርጊ ነበር?

ኦቦ ተሾመ ይህን ብለው ዓይን ዓይኔን አዩኝ። መጻፌን አቆምኩ።

«ሞተሩን አስነሳ ነበር፣ ጋሼ» አልኳቸው።

«እንግዲያው ሰው አንሸራሽሪ፣ ዓሣ አስግሪ» አሉኝ። «ጠላቂ ግን አታውጪ፣ ልጄ።»