ስለ መከታ፣ ስለ ቀበሮውና ስለ ቋጠሮው

የምስክር ስም፦ ወ/ሮ ዘውድነሽ ኢታና
ዕድሜ፦ 48
ሥራ፦ ልብስ ስፌት
አድራሻ፦ የካ፣ ከሚካኤል ቤተ ክርስቲያን በላይ፣ ባሕር ዛፉ ሥር
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ጥቅምት 11 ቀን 1974 ዓ.ም.

በዚህ ጣቢያ ታስሮ የሚገኘው አቶ ኤጀታ ዋቅጅራ ባለቤቴ ነው። የታሰረውም «ጫካ ለተደበቀ ፀረ አብዮተኛ ስንቅ ያቀብላል» ተብሎ ነው። ስንቁን የሚያደርሰው ውሻችን መከታ መሆኑን አልክድም። ተቀባዩ ግን ቀበሮ ነው።

ይህ ቀበሮ የፊት እግሩ የተሰበረ ሲሆን ባለፈው ክረምት በአጥራችን ቀዳዳ ይገባ ጀመር። መከታ መጀመሪያ ለወጉ ያህል ጮኸበት። ብዙም ሳይቆይ ከአንድ ሳህን ሲበሉ አገኘኋቸውና ቀበሮውን በእንጨት አባረርኩት። ከዚያ ወዲህ መከታ ምሳውን በአፉ ይዞ ወደ እንጦጦ ዳገት መውጣት ጀመረ። ፍርፍሩ በመንገድ እየተንጠባጠበ ስላስቸገረው ባለቤቴ በነጠላ ቁራጭ ይቋጥርለት ነበር። ስቆጣው «ሰው የነፈገውን ውሻ ከሰጠው አንቺ ምን ያናድድሻል?» ይለኛል። እኔን ያናደደኝ ነጠላዬ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ገደማ የአብዮት ጥበቃው ጓድ ለተጊዮርጊስ መሣሪያ ይዞ መጣ። ቋጠሮ የያዘ ውሻ በየቀኑ ጫካ እንደሚገባ ጥቆማ ደርሶታል። ለቀበሮ ነው ብዬ ብነግረው «እትዬ ዘውድነሽ፣ ቀበሮ በቋጠሮ ሲበላ የት አይተዋል?» አለና እኔንና ባለቤቴን አስቀድሞ ውሻውን እንድንከተል አደረገ። ባሕር ዛፉ ውስጥ ስንደርስ በደረታችን እንድንተኛ አዘዘ። እኔም በዚህ ዕድሜዬ ተኛሁ። መከታ ቋጠሮውን ከቁጥቋጦ ሥር ሲያስቀምጥ ጓድ ለተጊዮርጊስ «እጅህን አንሥተህ ውጣ!» ሲል ጮኸ። ቀበሮውም የተሰበረ እግሩን እንዳነሣ ብቅ አለ። በእኔ አስተያየት ከቀበሮ ከዚህ የበለጠ ትእዛዝ ማክበር አይጠበቅም።

ሳቄ አመለጠኝ። ጓድ ለተጊዮርጊስ «ቀበሮው ሽፋን ነው» ብሎ ባለቤቴን የያዘው እኔ ከሳቅኩ በኋላ ነው። በእኔ ሳቅ እሱ መታሰሩ ያንገበግበኛል።

ምግብ ባመጣለት «የተከሰሰው በስንቅ ስለሆነ ስንቅ አይገባም» ተብዬ ተመለስኩ። እስረኞች ከድርሻቸው እያካፈሉት መሆኑን ሰምቻለሁ። መከታም ከዚያ ቀን ጀምሮ ጫካ አልሄደም። ቋጠሮውን ይዞ ጣቢያው በር ላይ ተቀምጦ ጌታውን ይጠብቃል። አሁን የምቋጥርለት እኔ ነኝ፤ ነጠላውም አልቋል። የዛሬው ቋጠሮ ውስጥ ያለው የሰው ምግብ መሆኑን አልደብቅም።

ቀበሮው ምሳው ስለቀረበት ወደ ሰፈር ወርዶ፣ ዛሬ ጠዋት በሴቶች ማኅበር ዶሮ ቤት ዙሪያ ሲያነክስ አይቼዋለሁ። ባለቤቴ ሲቀልበው አንድ ዶሮ እንኳ ጠፍቶ አያውቅም። ስለዚህ ባለቤቴ ይፈታልኝ። ለዶሮዎቹም የሚበጀው ይኸው ነው።

ያየሁትና የማውቀው ይህ ነው። ተነቦልኝ ሰምቻለሁ፤ ከሳቁ በቀር የምጸጸትበት ስለሌለ ፈርሜያለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ዘውድነሽ ኢታና
ቃሉን የተቀበለው፦ አሥር አለቃ ኃይለጊዮርጊስ ከበበ

ማሳሰቢያ፦ ውሻው በር ላይ ተገኝቷል። የያዘው ቋጠሮ ተፈትሾ ዳቦና ቅቅል ድንች ብቻ ስለተገኘበት ለእስረኛው እንዲገባ ፈቅጃለሁ። እስረኛው ግማሹን በልቶ ግማሹን መልሶ በመቋጠር ለውሻው ሰጥቷል። ውሻው ወደ እንጦጦ አቅጣጫ ሄዷል። ማንም እንዳይከተለው አዝዣለሁ።