የቅዳሜው በርሜል

የቤቴ በር እጀታ ከዛገ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ሚስቴ በነገር ስትወጋኝ ሰንብታ፣ አንድ ቅዳሜ ነቅዬ በጋዜጣ ጠቅልዬ ብረት በአሲድ እየነከሩ ወደሚያብረቀርቁት ሽማግሌ ወርክሾፕ ወሰድኩት።

እዚያ ሳላስበው የእህታቸውን ልጅ አገኘኋት። ድሮ ኬሚስትሪ አስተምሬያታለሁ፤ አሁን በከተማው ፍሳሽ ማጣሪያ የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት። ቡናማ ውሃ የሞላባቸው ሁለት ጠርሙሶች ይዛ ቆማለች።

«መምህር፣ እንኳን መጡ። ምስክር ይሆኑኛል» አለችኝ። ምስክርነት ባልወድም በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩ።

«አጎቴ፣ ያገለገለውን መንከሪያ የት ነው የሚደፉት?»

ሽማግሌው ኮራ አሉ። «ድሮ ወንዝ ውስጥ ነበር። አንቺ ከለመንሽኝ ወዲህ ግን ጠብታ አላስነካሁትም። በየቅዳሜው አንድ በርሜል እዚህ የፍሳሽ ቱቦ ውስጥ እለቀዋለሁ። ማጣሪያ ተብሎ ተሠርቶ የለ? ያጣራ እንጂ።»

እውነቱን ልናገርና፣ እኔም ልክ ናቸው ብዬ ነበር። እኔን ብሎ የኬሚስትሪ መምህር።

«ወንፊት መሰለዎት እንዴ?» አለች በትሕትና። «ጨርቁንና አሸዋውን እኛ እናስቀራለን። የሟሟውን ቆሻሻ የሚበሉት ግን በዓይን የማይታዩ ነፍሳት ናቸው። ቀን ከሌት አየር እየነፋን በገንዳ እናኖራቸዋለን። ሲጠግቡ ተያይዘው ይዘቅጣሉ፤ ከላይ የቀረው ንጹሕ ውሃ ወደ ወንዙ ይሄዳል።»

«የማይታይ ሠራተኛ» ብለው ሳቁ። «የኔዎቹ እየታዩም አልሠሩልኝም።»

«የእርስዎ በርሜል ይገድላቸዋል።»

«አንድ በርሜል? ሆቴሉ፣ ልብስ አጣቢው ሁሉ እየደፋ?»

«የነሱ አብዛኛው ለነፍሳቱ ቀለብ ነው። የእርስዎ አሲድና ብረት ነው።»

«ይኸው፣ ሁለቱም ከገንዳችን የተቀዱ ናቸው» ብላ ከበርሜሉ አንድ ማንኪያ ቀድታ አንደኛው ጠርሙስ ውስጥ ጨመረች። «ግማሽ ሰዓት ይያዙልኝ» አለች። ሽማግሌው የማያምኑትን ነገር በገዛ ሰዓታቸው ነው የሚለኩት። ሰዓታቸውን ፈተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

ግማሽ ሰዓቱ ሲሞላ ባልተነካው ጠርሙስ ቡናማው ሁሉ ወደ ታች ወርዶ ከላይ ጥርት ያለ ውሃ ቀርቷል። ሌላው እንደደፈረሰ ነው። ሽማግሌው ወደ ብርሃን አንስተው አገላብጠው አዩት።

«ሦስት እሑድ ገንዳችን እንዲህ ሆኖ፣ ውሃው ሳይጠራ ወንዙ ገብቷል። ከታች ማን እንደሚቀዳ ያውቃሉ።»

ያውቃሉ። እህታቸው ናት፣ የልጅቷ እናት።

«ሰኞ ሆዷን አሟት ክሊኒክ ወሰድኳት። በዚህ ነው ብዬ አልምልም፤ የምትጠጣው ግን ከዚያው ነው።»

«ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም?» አሉ ጠርሙሱን አስቀምጠው።

«ከማጣሪያ ጣቢያው ተነስቼ የቱቦ ክዳን እየከፈትኩ ስፈልግ ነው የከረምኩት። መጨረሻው እዚህ በር ላይ ያመጣኛል ብዬ አላሰብኩም።»

ሽማግሌው ተነስተው በርሜሉን ከደኑት። «እሺ፣ ምን ላድርገው?»

«ለብቻው ያጠራቅሙት። ባለሙያችን መጥቶ ኖራ ይጨምርበታል፤ ብረቱ ሲዘቅጥ ዝቃጩን መኪናችን ይወስደዋል።»

የዚያኑ ቀን የወርክሾፑን መፍሰሻ በገዛ እጃቸው በሲሚንቶ ደፈኑት። እኔም እጀታዬን ሳላስነክር ተመለስኩ፤ ሚስቴ ምን እንዳለችኝ አልናገርም።

ሁለት ወር ቆይቼ እጀታውን ይዤ ስመለስ ወንዙን በእግሬ ተሻገርኩ። ድልድዩ ላይ አፍንጫውን የሚይዝ ሰው አላየሁም። ከታች ያሉት ጎመናቸውን ሳይሰጉ ያጠጣሉ፤ ከብቱም ወርዶ ይጠጣል። ይህ ሁሉ የመጣው በማጣሪያው ብቻ አይደለም፤ ወደ ማጣሪያው የሚልከውን ባወቀ ሰውም ጭምር ነው።

ሽማግሌው ስልክ ላይ ነበሩ። ቅዳሜ ነው።

«ሠራተኞችሽ ዛሬ በሉ?» ይላሉ።

መልሱን ሰምተው ፈገግ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ዘግተው፣ ውሃው ንጹሕ መሆኑን ሊነግሯት እህታቸው ጋ ደወሉ።