ቢላ ሲጠብቅ የነበረው አባቴ

አባቴን ጨጓራው ጠንቶበት ከከላላ ወደ መካነ ሰላም ላሳክመው ስንነሳ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? መንደሩን ዞሮ «አፉ በሉኝ» እያለ ተሰናበተ! ታላቅ ወንድሙ፣ አጎቴ ሰይድ፣ ድሮ በዚሁ በሽታ ሆዱን ተቀዷል፤ አባቴም የሚጠብቀው ቢላ ነበር። ሐኪሟ ግን ሰገራውን አስመርምራ፣ «አባባ፣ ያቆሰለዎት ባክቴሪያ ነው። እነዚህን ኪኒኖች ሁለት ሳምንት ሳያቋርጡ ይውሰዱ» አለችው።

«ቢላውስ?»

«ምንም ቢላ የለም፣ አባባ።»

አብሮን የመጣው አጎቴ እጁን የሆዱ ጠባሳ ላይ አሳረፈ። ሊቆጣ ነው ብዬ ፈራሁ። እሱ ግን አንዷን ኪኒን አነሳ፤ መሬት የወደቀ እንጀራ እንደሚሳመው ሳማትና ለአባቴ ሰጠው።

«እንካ ወንድሜ፤ ለኔ አልደረሰችልኝም፣ ላንተ ግን ደረሰችልህ። አልሐምዱሊላህ!»